የበረዶ ግግር የጠረበውን ምድር ከካርታ ላይ ማንበብ

የበረዶ ግግር ቀልጦ ከጠፋ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላም ምድሩ ያለፈበትን ይናገራል። በቶፖግራፊክ ካርታ ላይ ይህን የሚነግሩን እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት የኮንቱር መስመሮች ናቸው። አነባበቡን ለመማር በረዶው ሥራውን ጎልቶ ከሠራበት አገር መነሳት ይበጃል፤ እኔ ስዊዘርላንድን እመርጣለሁ። የአገሩ የካርታ መሥሪያ ቤት ስዊስቶፖ በ1፡25,000 መስፈርት የተዘጋጁ ካርታዎቹን በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል። ዓይን ከለመደ በኋላ ወደ ባሌና ወደ ሰሜን ተራሮች እንመለሳለን።

አስቀድሞ ግን የበረዶውን አሠራር መያዝ ያስፈልጋል። በረዶ ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ሲደራረብ በራሱ ክብደት ተጨምቆ ይጠጥርና በቁልቁለቱ በዝግታ መንሸራተት ይጀምራል። ከሥሩ የያዛቸው ድንጋዮች አለቱን ይፍቃሉ፤ በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚረጋው ውኃ ደግሞ ቋጥኝ ነቅሎ ከግግሩ ጋር ያስኬዳል። ወንዝ የሚቆርጠው አልጋውን ነው። የበረዶ ግግር ግን ሸለቆውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ ስለሚሄድ ወለሉንም ጎኑንም አብሮ ይጠርባል።

አሁን ካርታውን ይክፈቱ፤ ከሁሉ በፊት መግለጫውን ያንብቡ። መስፈርቱ ስንት ነው? በሁለት ኮንቱሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትስ? በስዊዝ ካርታ የአልፕስ ክፍል ልዩነቱ 20 ሜትር ነው። ቀለሙንም ይለዩ፦ ቡናማ መስመር አፈር ላይ፣ ጥቁር አለትና ኮረት ላይ፣ ሰማያዊ በረዶ ላይ ይሰመራል። ሰማያዊዎቹን ከላይ ወደ ታች ይከተሉ። በረዶው በሚጠራቀምበት በላይኛው ክፍል ወደ ተራራው ይጎብጣሉ፤ በሚቀልጥበት በታችኛው ክፍል ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ ያብጣሉ። ጉብጠቱ የሚገለበጥበት ቦታ መጠራቀሙና መቅለጡ በግምት የሚመጣጠኑበት ከፍታ ነው።

ቀጥሎ በረዶ ወደሌለበት ሸለቆ ይውረዱ፤ ላውተርብሩነንን ይፈልጉ። ወንዝ ብቻ የቆረጠው ሸለቆ ቢሆን ኖሮ መስመሮቹ ውኃውን ሲያቋርጡ ወደ ምንጩ በሹል ይታጠፉ፣ ከሁለቱም ወገን እስከ ወንዙ ድረስ ይጠጋጉ ነበር። እዚህ ግን በሸለቆው መሐል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ መስመር የሳሳበት ወለል አለ፤ ከዚያ መስመሮቹ በድንገት በግራም በቀኝም ይጨናነቃሉ፣ ገደሉ ላይም ቦታቸውን ለአለት ስዕል ይለቃሉ። መሬቱን በአካል ቢያዩት ገበቴ ይመስላል።

ለማረጋገጥ የሸለቆውን የጎን ገጽታ በእጅ ያውጡ። ይህን ደረጃ እባክዎ አይዝለሉት፤ ካርታ ማንበብ በእጅ የሚገባ ነገር ነውና። የወረቀት ጠርዝ በሸለቆው አግድም ያስቀምጡ፤ ወፍራሞቹ ኮንቱሮች ጠርዙን በሚነኩበት ሁሉ ምልክት አድርገው ከፍታውን ይጻፉ። ወረቀቱን በካሬ ደብተር ላይ አኑረው ነጥቦቹን በየከፍታቸው ያንሱና ያገናኙ። ለቁመቱም ለአግድሙም አንድ መስፈርት ይጠቀሙ፤ በ1፡25,000 አንድ ሴንቲ ሜትር 250 ሜትር ነው። ቁመቱን ካጋነኑት ዝርጉ ሁሉ ገደል ሆኖ ይታያል፣ ፍርድዎም ይዛባል።

የጎን ሸለቆዎችን ሳያዩ አይለፉ። ትንሹ የጎን ግግር እንደ ዋናው በጥልቀት መቆፈር ስላልቻለ ወለሉ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በካርታው ላይ ጅረቱ በዝርግ መጥቶ ድንገት የተጨናነቀውን ጠርዝ ሲያቋርጥ ይታያል፤ በላውተርብሩነን 300 ሜትር ያህል የሚወረወረው የስታውብባህ ፏፏቴ እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ከዚያ ወደ ጫፎቹ ይውጡ። መስመሮች በሦስት ወገን ተጠጋግተው በአንድ ወገን የተከፈተ ግማሽ ክብ ከሠሩ፣ በተለይ ወለሉ ላይ ትንሽ ሐይቅ ካለ፣ በረዶ የቆፈረው ጎድጓዳ፣ ማለትም ሰርክ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰርኮች ጀርባ ለጀርባ ሲበሉ ስለታም ሸንተረር ይቀራል። ከሦስት ወይም ከአራት ወገን ሲበሉ ደግሞ እንደ 4,478 ሜትሩ ማተርሆርን ያለ ቀንድ ይወጣል።

ግግሩ ተሸክሞ ያመጣውን አፈርና ድንጋይ ሲያራግፍ የሚፈጠረው ክምር ሞሬን ይባላል። ከካርታ ላይ ለመለየት አስቸጋሪው ይህ ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ሞሬን በሁለት ኮንቱሮች መካከል ወድቆ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ የሳተላይት ምስል አጠገብ ይኑር። የቆዩ እትሞችም በጣም ይረዳሉ። ስዊስቶፖ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያሉ ካርታዎቹን እያፈራረቁ ለማየት አመቻችቷል፤ የአሌች ግግርን በአሮጌውና በአዲሱ ካርታ ያነጻጽሩ። ያኔ በሰማያዊ የተሰመረው ጠርዝ ዛሬ ምን ላይ እንደዋለ ማየት ሞሬን ፍለጋን ያስተምራል። በ1877 እ.ኤ.አ. በዚሁ ግግር ዳር የመጀመሪያው የኮንኮርዲያ የተራራ ወጪዎች ጎጆ ሲሠራ ከበረዶው ገጽ 50 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ ነበር፤ ዛሬ ከበረዶው ወደ ጎጆው ለመድረስ ከ400 በላይ የመሰላል ደረጃዎች መውጣት ግድ ነው።

አሁን ወደ ባሌ። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን በ1፡50,000 ካርታ ላይ ያግኙና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሂዱ። በ3,950 ሜትር ላይ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ፤ በረዶ በቆፈረው ሰርክ ውስጥ የተኛ ነው፣ ከሥሩ የወጣው ደለልም ከ16,000 ዓመት በላይ ወደኋላ ይመልሰናል። ዙሪያውን ኮንቱር በኮንቱር ይከተሉ።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ እጠይቃለሁ። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የእሳተ ገሞራ ምድር ናቸው፤ ክብ ጎድጓዳ ሁሉ ሰርክ አይደለም፣ ገደልም ሁሉ የበረዶ ሥራ አይደለም። የሰሜን ተራሮችን ታላቅ ገደል የበረዶ ግግር ቆረጠው ማለት ስሕተት ነው፤ ያንን የሠሩት በወፍራሙ ባሳልት ላይ የወረዱ ወንዞችና የአፈር መሸርሸር ናቸው። የበረዶው አሻራ ያለው እንደ ቧሂት ባሉት ከፍተኛ ጫፎች አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድን ቅርጽ ብቻውን አይመኑት፤ ሰርክ ነው ያሉት ቦታ ከበታቹ ሰፊ ወለል ወይም ሞሬን አለው ወይ ብለው ይፈትሹ።

ቦታው ድረስ መሄድ ከቻሉ የሞሬኑን ክምር ያዩታል። ወንዝ ድንጋዩን በመጠኑ እየለየ ይደረድራል፤ ግግር ግን ቋጥኙንም ደቃቁንም እንደደባለቀ ይጥላል። በአለት ላይ በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ጭረቶችንም ይፈልጉ፣ አቅጣጫቸውን በኮምፓስ ለክተው ካርታው ላይ በቀስት ያስፍሩ። በዓይንዎ ያረጋገጡትን በአንድ ቀለም፣ ከኮንቱር ብቻ የገመቱትን በሌላ ቀለም ይሥሩት።