ትምህርት በአንጎል ውስጥ ስለሚያድርበት ስፍራ

ትናንት ያጠናውን ዛሬ የረሳ ልጅ በብዙ ስፍራ ሰነፍ ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገረፋል። ነገር ግን ትምህርትን ተቀብሎ የሚያሳድር አንድ የአንጎል ክፍል አለ፤ እርሱም እንደ ዓይንና እንደ ጆሮ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ አስተማሪም ሽማግሌም ሥራውን ሊያውቁት ይገባል።

ይህ ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ የወጣለትም መልኩ የባሕር ፈረስ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ስለሚመስል ነው። የሚገኘው በጆሮ አንጻር ባለው የአንጎል ጎን፥ በስተውስጥ ጠልቆ ነው። በቀኝ አንድ፥ በግራ አንድ ሆኖ ሁለት ነው፤ የእያንዳንዱም ርዝመት ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ያህል ነው። አንድ ሰው እንግዳ ባገኘ ጊዜ ፊቱን በዓይኑ ያያል፥ ስሙን በጆሮው ይሰማል። ሂፖካምፐስም ፊቱን፥ ስሙንና የተገናኙበትን ስፍራ በአንድነት አያይዞ በኋላ እንዲታሰብ ያደርጋል።

ይህ ሥራ በግልጥ የታወቀው በአንድ ሰው መከራ ምክንያት ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታ እጅግ ያሠቃየው ነበርና፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953፥ በ27 ዓመቱ፥ ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል ከሁለቱም ጎን የሂፖካምፐስን ብዙውን ክፍል ቆርጦ አወጣለት። በሽታውም ቀለለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር አልያዝለት አለ። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ሊቅ ለብዙ ዓመት ስትመረምረው ሳለ፥ በመጣች ቍጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላት ነበር። የልጅነቱን ነገር ግን ያስታውስ ነበር። ደግሞም በመስታወት እያየ ኮከብ መሣል ሲለማመድ እጁ ከቀን ወደ ቀን ተሻሻለ፤ መለማመዱን ግን አያስታውስም ነበር። ከዚህም የተነሣ ሊቃውንት ነገርን ማስታወስ ሌላ፥ የእጅን ሙያ መልመድ ሌላ መሆኑን ተረዱ። ሞላይሰን በ2008 በ82 ዓመቱ ዐረፈ።

ሂፖካምፐስ መንገድንም ያስታውሳል። ጆን ኦኪፍ በ1971 በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ፥ እንስሳው በአንድ በታወቀ ስፍራ ሲደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን ገለጠ፤ ስለዚህም በ2014 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በጨለለቅቱ አካባቢ ያለ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ፥ በእንሰትና በቡና መካከል ባለው ቀጭን መንገድ ሳይሳሳት ቤቱ የሚደርሰው በዚሁ ክፍል ረዳትነት ነው።

የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ ከሂፖካምፐስና ከአካባቢው ይነሣል። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁልጊዜ አይወድቅም፤ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን አፍጥጦ፥ ሲጠሩት ሳይመልስ፥ እንደሚያኝክ ሰው አፉን እያንቀሳቀሰ ይቆያል። በዚያ ሰዓት የተነገረውን ትምህርት አያስታውስም። ይህን ያየ አስተማሪ አይቈጣ፤ ለወላጆቹ ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ያስልከው።

በሽታው በአገራችን ጥቂት አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት 60,820 ሰዎችን መርምረው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ገልጠዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ልጁን ለብቻው ማስቀመጥ ወይም ከትምህርት ማስቀረት አይገባም። በወደቀ ጊዜ ከእሳትና ከድንጋይ ያርቁት፥ በጎኑ ያስተኙት፤ በአፉ ማንኪያም ሆነ ብረት አያግቡበት፥ ክብሪትም አያሽትቱት። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቈየ ፈጥነው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ሐኪም የሰጠው መድኃኒትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥ።

የሚረሳ ልጅ ሁሉ ግን በሽተኛ አይደለም። ራብና የእንቅልፍ ማነስም ያስረሳሉ፤ አንጎል በቀን የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜም ነውና። አስተማሪ ትምህርቱን በአንድ ቀን ከማብዛት ይልቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይድገም፤ ልጁም የተማረውን መጽሐፉን ዘግቶ በቃሉ እንዲናገር ያድርግ። በትር ግን የታመመውን አያድንም፥ የተራበውንም አያጠግብም። ስለዚህ አስተማሪ ልጁ ስለ ምን እንደ ረሳ አስቀድሞ ይመርምር።