ከመንገድ የተመለሰው ደቀ መዝሙር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከተማችን ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። ራስ አዳል በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ላይ ነገሡ። የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ከተማውም በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ይህን ስም በየቀኑ እንጠራዋለን። በመታወቂያችን ላይ ይጻፋል፤ በመናኸሪያውም ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ ተሳፋሪ ይጠራበታል። ነገር ግን ይህ በስሙ የምንጠራበት ቅዱስ በወጣትነቱ አንድ ጊዜ አገልግሎቱን ትቶ ከመንገድ የተመለሰ ሰው እንደ ነበር ስንቶቻችን አስበነዋል? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው።

1. ማርቆስ ተመለሰ

ማርቆስ ያደገው በክርስቲያን ቤት ነው። እናቱ ማርያም ቤቷን ለጸሎት የከፈተች ሴት ነበረች። ቅዱስ ጴጥሮስ በመልአክ እጅ ከወኅኒ በወጣበት ሌሊት የሄደው ወደ እርሷ ደጅ ነበር (ሐዋ. 12፥12)። እንግዲህ ማርቆስ እንደ ብዙዎቻችን ነው። እምነትን ከእናቱ ቤት አገኘ እንጂ ከሩቅ አገር አላመጣውም።

ጌታችን በተያዘበት ሌሊት በነጠላ ጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ይከተለው የነበረ፣ ሊይዙትም ባሉ ጊዜ ጨርቁን ጥሎ ዕራቁቱን የሸሸ አንድ ጎልማሳ እንደ ነበር በማርቆስ ወንጌል ተጽፏል (ማር. 14፥51-52)። ብዙ መምህራን ያ ጎልማሳ ራሱ ማርቆስ ነው ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ስሙን ባይጠቅስም ሽሽቱን አልደበቀም።

በኋላም በርናባስና ጳውሎስ ለስብከት ሲወጡ ረዳት አድርገው ይዘውት ሄዱ። ቆጵሮስን አልፈው ጵርጌን በደረሱ ጊዜ ግን ማርቆስ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። ለምን እንደ ተመለሰ መጽሐፍ አይነግረንም። መንገዱ ከብዶት ይሆናል፤ እናቱ ናፍቃውም ይሆናል፤ ወይም ፈርቶ ይሆናል። ምክንያቱ አለመጻፉም ጥቅም አለው፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን ምክንያት በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ልናነብብ እንችላለንና።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሁለተኛ ጉዞ በታሰበ ጊዜ በርናባስ ማርቆስን እንደገና እንውሰደው አለ፤ ጳውሎስ ግን ከመንገድ የተመለሰውን አንወስድም ብሎ እንቢ አለ። ሁለቱ ሐዋርያት በዚህ ምክንያት ተለያዩ። በርናባስም ዘመዱን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ (ሐዋ. 15፥37-39፤ ቆላ. 4፥10)። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት ማርቆስን ይዘህልኝ ና፤ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ሲል እናገኘዋለን (2ጢሞ. 4፥11)። ትናንት አይጠቅምም የተባለው፣ እንቢ ባለው ሰው አንደበት ይጠቅማል ተባለ።

ይህ ሰው ወንጌል ጻፈ። በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንን መሠረተ። በዚያው ከተማ በገመድ ታስሮ በጎዳና ተጎትቶ በሰማዕትነት አረፈ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሚያዝያ 30 ቀን ታከብረዋለች። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ የራሳችን ፓትርያርክ እስከ ተሾመበት እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ፣ 1600 ዓመት ያህል፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚያ በማርቆስ መንበር ሥር ነበረች። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ወጣት ከጵርጌ እንደ ተመለሰ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ!

2. መከተል የዕለት ዕለት ሥራ ነው

ጌታችን ቀራጩን ማቴዎስን «ተከተለኝ» ባለው ጊዜ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚበላ አልዘረዘረለትም (ማቴ. 9፥9)። ማቴዎስም ተነሥቶ ተከተለው። ይህን ለመረዳት እኛ የጎጃም ልጆች ሩቅ መሄድ የለብንም፤ የቆሎ ተማሪውን ማየት ይበቃናል።

ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚመጣው ልጅ ከአባት ከእናቱ ተለይቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በትሩን ይዞ ነው። የወሩ ቀለብ በአኩፋዳው ውስጥ የለም። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። አንዲት እናት ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ በሌላው ቤት ውሻ ይወጣበታል፤ በሦስተኛው «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ይሰናበታል። ማታ ግን ለየኔታ የሚመለስበት ጎጆ አለው፤ ነገም ይወጣል። እኛ በአባታችን ሆይ ጸሎት የዕለት እንጀራችንን ለዛሬ ስጠን ብለን በቃላችን የምንለምነውን (ማቴ. 6፥11) እርሱ በእግሩ ይለምነዋል። እስራኤልም በምድረ በዳ መናን በየማለዳው ይሰበስቡ ነበር፤ ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላ (ዘጸ. 16፥19-20)።

ልብ በሉ፤ ይህ እምነት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ተማሪው ይወጣል፣ ይለምናል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ሌሊት ተነሥቶ ቀለሙን ያጠናል። በእግዚአብሔር መታመን ማለት የዛሬውን ድርሻ እየሠሩ የነገውን ለእርሱ መተው ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለየኔታ ይነግራል። ቅኔው ምሥጢሩ ከጎደለ ወይም ቤቱ ከተሰበረ ይታረማል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይጣልበታል። ተማሪው ያፍራል፤ ጓደኞቹም ይሥቁበት ይሆናል። ነገር ግን የተጣለው ቅኔው እንጂ ተማሪው አይደለም። በማግሥቱ እንደገና ይቆጥራል። ደቀ መዝሙር ማለት ያልተሳሳተ ማለት ሳይሆን ተሳስቶ ወደ መምህሩ የሚመለስ ማለት ነው።

ከዚህ ሕይወት የወጡትን የአገራችንን ልጅ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን እናስታውስ። ትውልዳቸው ከደብረ ኤልያስ ነው። በ1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነበር። እንዲህ ያለ ጽናት ወኅኒ በገቡበት ዕለት በድንገት የሚገኝ አይደለም። በትንሹ ቀን የለመዱት መታመን በትልቁ ቀን ይደርሳል።

3. በእኛ ኑሮ ውስጥ

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እኔ በወኅኒም በምድረ በዳም አይደለሁም፤ ምኑን ልከተል?» ይል ይሆናል። መከተላችን የሚፈተነው ባለንበት ነው።

ሀ. በትምህርት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። ስለዚህ ውጤቱን አይቶ ከቤት መውጣት ያፈረ፣ መጻሕፍቱን ጠቅልሎ ያስቀመጠ ወጣት በመካከላችን ብዙ ነው። ወንድሜ፤ እኅቴ፤ ጌታ ከፍ ያለ ነጥብ አሰጥሃለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ከአንተ ጋር እሆናለሁ ብሎ ግን ቃል ገብቷል (ማቴ. 28፥20)። በወረቀት ላይ የወደቀው ቁጥር ነው፤ አንተ አልወደቅህም። ዛሬ አንድ ምዕራፍ አጥና፤ ወይም አንድ ሙያ ጀምር፤ ነገን ለባለቤቱ ተው።

ለ. በገበያ። ጤፍ ሲሸጥ ከላይ ማኛውን፣ ከሥር ሌላውን የሚያደርግ አለ። «ሁሉም ያደርገዋል» ይባላል። ታማኙ ልጅ ግን አንዳንድ ቀን ከጎረቤቱ ያነሰ ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይህ እውነት ነውና አንደብቀው። ጌታን መከተል ኪስን የሚነካበት ቀን አለ። በዚያ ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ የሚያኖረኝ እግዚአብሔር ነው ወይስ ሚዛኑ?

ሐ. በቤትና በጓደኛ መካከል። በጾም መጀመሪያ ንስሓ ገብተን፣ ከአረቄ ቤት እግራችንን ልንሰበስብ፣ ከወንድማችን ጋር ልንታረቅ ቃል እንገባለን። በሁለተኛው ሳምንት እንሰናከላለን። ያን ጊዜ ጠላት በጆሮአችን «አንተ ደግሞ ምን ክርስቲያን ነህ? ይቅርብህ» ይላል። ብዙ ወጣት ከቤተ ክርስቲያን የሚርቀው በኃጢአቱ ብዛት ሳይሆን በኀፍረቱ ነው። ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲሄድ ነፋሱን አይቶ መስጠም ጀመረ፤ ሆኖም ሲሰጥም ወደ ጌታ ጮኸ፤ ጌታም ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው (ማቴ. 14፥30-31)። አስቀድመህ ዋና ተማር አላለውም።

ይሁን እንጂ መመለስ በአፍ ብቻ አይደለም። ማርቆስ ይቅርታ ተደርጎለት ቤቱ አልተቀመጠም፤ ወደ ቆጵሮስ ሄዶ ሠራ። ጳውሎስን ያሳመነው ክርክር ሳይሆን የዓመታት ታማኝነት ነው። እኛም የበደልነው ሰው ወዲያው ባያምነን አንቀየም፤ በሥራችን እስኪያየን እንታገሥ።

4. በርናባስ ማን ነው?

እስካሁን ስለ ተመለሰው ተናገርን። አሁን ደግሞ እዚህ ለተቀመጥነው እንናገር። ማርቆስ ሊጠፋ ይችል ነበር፤ ያልጠፋው አንድ ሰው ስለ ፈለገው ነው። በርናባስ ያን ወጣት ላለመተው ከወዳጁ ከጳውሎስ እስከ መለየት ደረሰ።

በመዝሙር ሰልፋችን ውስጥ ቦታው ባዶ የሆነ ወንድም፣ ነጠላዋን ለብሳ ከፊት ትቆም የነበረች፣ ዛሬ ግን የማናያት እኅት አለች። ስናገኛቸው ምን እንላለን? «ጠፋህ እኮ! ዓለም ወሰደህ አይደል?» እያልን እንሥቃለን፤ እነርሱም ሌላ ጊዜ ሲያዩን መንገድ ይለውጣሉ። ወይም ስለ እነርሱ እርስ በርሳችን እናወራለን እንጂ ለእነርሱ አንናገርም። ስልኩ በእጃችን ነው፤ ቤታቸውንም እናውቃለን። የጎደለን መነሣት ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁላችን ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፤ በየማለዳው ከቤት ሳንወጣ «ጌታ ሆይ፤ ዛሬ እከተልሃለሁ፤ ብሰናከልም አንሣኝ» ብለን እንጸልይ፤ ነገን አንጨምርበት። ሁለተኛ፤ ስንፈራው የቆየነውን አንድ ትክክለኛ ነገር በዕለቱ እንፈጽም፤ ዕዳ መክፈል ቢሆን፣ ይቅርታ መጠየቅ ቢሆን፣ ወደ ንስሓ አባታችን መሄድ ቢሆን። ሦስተኛ፤ የቀረ አንድ ጓደኛችንን ሳንወቅስ ቤቱ ሄደን እንጠይቀው፤ በሚመጣው ሰንበትም አብረነው እንምጣ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ማርቆስን በተመለከተ ጳውሎስና በርናባስ የተለያየ አሳብ ነበራቸው። የሁለቱም አሳብ ምን እውነት አለው?
2. የቆሎ ተማሪ ሕይወት በእግዚአብሔር ስለ መታመን ምን ያስተምረናል? በስንፍናና በእምነት መካከል ያለው ልዩነትስ ምንድን ነው?
3. ጌታን መከተል ኪስህን፣ ክብርህን ወይም ወዳጅነትህን የነካበት ቀን አለ? ምን አደረግህ?
4. ከመካከላችን የቀረ ማን አለ? ማንስ ይሄዳል?

ከጵርጌ የተመለሰውን ማርቆስን ለወንጌል የሾመ አምላክ እኛንም ከተመለስንበት መንገድ መልሶ ያቁመን። የቅዱስ ማርቆስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።