ተማሪዎች የመንደራቸውን ችግር በእጅ ስልክ መተግበሪያ ለማቃለል ስለሚያወጡት አሳብ

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ትምህርት ማለት ፊደል መቍጠርና ሒሳብ መደመር ብቻ አይደለም፤ ልጅ የተማረውን ለወላጆቹና ለጎረቤቶቹ ጥቅም ሲያውለው ያን ጊዜ የትምህርት ፍሬ ታየ ይባላል። በዛሬው ዘመን የእጅ ስልክ ከከተማ አልፎ እስከ ገጠር ስለ ገባ፤ በአያሌ አገሮች ያሉ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸው የሰፈራቸውን ችግር መርምረው የሚያቃልለውን የስልክ መተግበሪያ እንዲያስቡ ያደርጓቸዋል። መተግበሪያ የሚባለውም በስልክ ውስጥ ተቀምጦ አንድን የተወሰነ ሥራ የሚሠራ የትእዛዝ ድርድር ነው፤ ይኸውም ገንዘብ ለመላክ፤ መንገድ ለማወቅ ወይም እርዳታ ለመጥራት የሚያገለግል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ኪሱሙ ልጃገረዶች

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነው በኬንያ አገር፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው በኪሱሙ ከተማ የተደረገው ነው። በ2017 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የሚማሩ አምስት ልጃገረዶች «አይ ከት» የሚባል መተግበሪያ አስበው ሠሩ። ማኅበራቸውንም «ሬስቶረርስ» አሉት፤ ትርጓሜው መላሾች ማለት ነው፤ ተስፋ ለቆረጡ ልጆች ተስፋን ለመመለስ ስለ ፈለጉ ነው።

ያስነሣቸውም ችግር የሴት ልጅ ግርዛት ነበረ። በኬንያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን ሥራ ፈጽሞ ከልክሎታል፤ ነገር ግን በስውር መደረጉ አልቀረም። በልጃገረዶቹ ወገን ዘንድ ግርዛት ልማድ አልነበረም፤ ሆኖም ከሌላ ወገን የሆነች ጓደኛቸው ከተገረዘች በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች። ስለዚህ ግርዛት የሚያሰጋት ልጅ ምልክት በመንካት እርዳታ ትጠራ ዘንድ፤ የተገረዘችውም ሕክምናና የሕግ ምክር የምታገኝበትን ስፍራ ታውቅ ዘንድ መተግበሪያውን አዘጋጁ። በዚያው ዓመት ቴክኖቬሽን ለሚባለው የልጃገረዶች ውድድር ተመርጠው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ምክር ቤት ለሚሰጠው የሳካሮቭ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች መካከል ተቈጠሩ።

አስተማሪ ከዚህ ታሪክ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር አለ። ልጆቹ የጀመሩት ከጓደኛቸው ጕዳት ነው፤ ስልኩ የመጣው ኋላ ነው። ጉዳዩም ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም፤ በ2005 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በቍጥር 565ና በቍጥር 566 የሴት ልጅ ግርዛትን ይቀጣል።

2. ችግሩን ስለ መምረጥና ስለ መመርመር

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ተማሪዎች አስቀድመው ከገበያ፤ ከውሃ ጕድጓድ፤ ከጤና ጣቢያና ከወፍጮ ቤት ሄደው ሰውን ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በደብተራቸው ይጻፉ። ያልጠየቀ ልጅ ጎረቤቱ የሌለበትን ችግር ሲያቃልል ይውላል።

ለምሳሌ በአንድ መንደር የውሃው ፓምፕ ተሰብሮ ሴቶች ሩቅ ወንዝ የሚወርዱ ቢሆን፤ ተማሪዎች ወዲያው «ስብራቱን ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት የሚነግር መተግበሪያ ይሠራ» ይሉ ይሆናል። አስተማሪውም «ጽሕፈት ቤቱ ሳይሰማ ቀርቶ ነውን?» ብሎ ይጠይቃቸው። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ሳለ ጥገናው የዘገየው መለዋወጫ ታጥቶ ከሆነ፤ ሌላ መልእክት መላክ ምንም አይረባም። ሕዝቡ መዋጮውን የተወው ገንዘቡ ምን እንደ ሆነ ስላላወቀ ከሆነ ደግሞ፤ የሚያስፈልገው ገቢና ወጪው ለሁሉ የሚታይበት መዝገብ ነው። ያም መዝገብ በስልክ ሊሆን ይችላል፤ በጕድጓዱ አጠገብ በቆመ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍም ይበቃ ይሆናል።

በዚህ ስፍራ የሽማግሌዎች ምክር እጅግ ይጠቅማል። ከዚህ በፊት ምን እንደ ተሞከረ፤ ለምን እንደ ተሰናከለም የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። አስተማሪው ሁለት ወይም ሦስት ሽማግሌዎችን ወደ ክፍል ጠርቶ የተማሪዎቹን አሳብ ቢያሰማቸው፤ ልጆቹ ከመጽሐፍ የማይገኝ እውቀት ያገኛሉ።

3. በወረቀት ላይ ስለ መሣል

መሣሪያ የለም ተብሎ ይህ ትምህርት አይቀርም። ተማሪው በስልክ መስታወት ልክ ወረቀት ቈርጦ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ገጽ ይሣል፤ በመጀመሪያው ገጽ ሰው ምን እንደሚያይ፤ ምን ሲነካ ወደ የትኛው ገጽ እንደሚሻገር ያሳይ። ከዚያም ወረቀቱን ለእናቱ ወይም ለጎረቤቱ ሰጥቶ ራሱ ዝም ብሎ ይመልከት። ሰውዬው በየትኛው ገጽ እንደ ተቸገረ አይቶ ያንን ያርመው።

ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ባለበት ትምህርት ቤት ግን አሳቡን ወደ ሥራ መለወጥ ይቻላል። በ2010 ዓ.ም. ጉግል ያወጣው፤ ኋላም በአሜሪካ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተዛወረው «አፕ ኢንቬንተር» የሚባል መሣሪያ ያለ ዋጋ ይገኛል። ተማሪው ባለ ቀለም ቁራጮችን እንደ ጡብ እያገጣጠመ ትእዛዝ ይሠራበታል።

4. ስለ ተራ ስልክና ማንበብ ስለማይችል ሰው

ብዙ የገጠር ሰው የያዘው ስልክ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው፤ ማንበብ የማይችልም አለ። ስለዚህ በተራ ስልክ የሚሠራ አሳብ ከሁሉ ይቀድማል። በኬንያ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው ኤምፔሳ በተራ ስልክ ገንዘብ ለመላክ ስላስቻለ በሕዝብ ዘንድ ተስፋፋ። በኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመር ገበሬው ደውሎ የእርሻ ምክር በድምፅ እንዲሰማ አደረገ፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰውም በጆሮው ይማርበታል።

5. ስለ ምስጢርና ስለ ጥንቃቄ

በብዙ ቤት ስልክ ያለው አባት ወይም ወንድም ነው። ችግር የደረሰባት ልጅ በዚያ ስልክ እርዳታ ብትጠራ መልእክቷ በሌላ ሰው ዓይን ሊገባ፤ ከዚያም የባሰ ጕዳት ሊያመጣባት ይችላል። ደግሞም ጥሪውን በሌሊት የሚቀበል፤ ተቀብሎም የሚነሣ ሰው ከሌለ፤ የተሣለው ምልክት በተስፋዋ ላይ ማላገጥ ይሆናል። እንግዲህ ተማሪዎች ስለ ሰው ሕይወት የሚያስቡ ከሆነ፤ ከሥዕሉ በፊት ከጤና ጣቢያው፤ ከፖሊስና ከቀበሌው ጋራ ተነጋግረው ማን መልስ እንደሚሰጥ ይወቁ። የታመመን ወይም የተበደለን ሰው ስም በደብተር አይጻፉ።

6. ለክፍል የሚሆኑ ጥያቄዎች

አስተማሪው ከዚህ ቀጥለው ያሉትን ጥያቄዎች ተማሪዎች በአራት በአራት ሆነው እንዲመልሱ ያድርግ።

ሀ. ይህ ችግር የሚያገኘው ማንን ነው? እርሱንስ ማን ጠየቀው?
ለ. ችግሩ ለምን እስከ ዛሬ ሳይቃለል ቀረ?
ሐ. ስልክ የሌለው ሰው በዚህ አሳብ እንዴት ይጠቀማል?
መ. መልእክቱን ማን ይቀበላል? ምንስ ያደርጋል?
ሠ. አሳቡ በማን ላይ ጕዳት ሊያመጣ ይችላል?
ረ. ያለ ስልክ በቀላል መንገድ ሊፈጸም ይችላልን?

ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎን» ብሎ የመለሰ ተማሪ ትምህርቱን እንደ ሳተ አይቈጠር፤ የመንደሩን ችግር በሚገባ መርምሯልና አስተማሪው ያመስግነው፤ ያገኘውንም መንገድ ከጓደኞቹ ጋራ በሥራ እንዲፈጽመው ይርዳው።