የከባድ ሚዛን ተስፈኛን እንዴት እንመዝናለን?

አንድ ወጣት ቦክሰኛ 15 ጊዜ ተጋጥሞ 15ቱንም አሸንፏል፤ 14ቱን በዝረራ። ይህን የሰማ ሰው «የነገው የዓለም ሻምፒዮን ይኸውላችሁ» ቢል አይፈረድበትም። ውጤቱ የእውነተኛ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ዳንኤል ዱቦይስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020፣ በ23 ዓመቱ፣ ጆ ጆይስን ለመግጠም ለንደን ውስጥ ወደ መድረክ ሲወጣ ይዞት የነበረ ነው። ያን ምሽት የሆነውን ቆየት ብለን እናየዋለን። አሁን ግን ቁጥሩን ብቻ ይዘን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከዚህ ቁጥር ስለ ልጁ ምን ያህል ማወቅ ይቻላል? የእኔ መልስ «ጥቂት» የሚል ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

በመጀመሪያ ሚዛኑን እንረዳ። በሌሎቹ የሚዛን ክፍሎች ቦክሰኛው ሊያልፈው የማይችል የኪሎ ጣሪያ አለ። ከባድ ሚዛን ግን ወለል እንጂ ጣሪያ የለውም፤ በፕሮፌሽናል ቦክስ (ለክፍያ በሚደረገው ቦክስ) ከ200 ፓውንድ ማለትም ከ91 ኪሎ ገደማ በላይ የሚመዝን ሁሉ እዚያ ይገባል። በዲሴምበር 2023 ሪያድ ላይ ዱቦይስ ከአሜሪካዊው ጃሬል ሚለር ጋር ሲጋጠም እሱ 108 ኪሎ ገደማ፣ ሚለር ደግሞ 151 ኪሎ ገደማ ነበሩ። ከ40 ኪሎ በላይ ልዩነት እያለ በአንድ ሚዛን ተቆጠሩ፤ ያሸነፈውም ቀለል ያለው ሰው ነው።

ከዚህ ምን ይከተላል? ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው አስተካክሎ ያሳረፈው ቡጢ ማንንም ሊጥል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሚዛን በዝረራ ማሸነፍ በቀላል ሚዛኖች ያለውን ያህል የችሎታ ምልክት አይሆንም። ያው ቡጢ ደግሞ ዞሮ በራሱ በተስፈኛው ላይ ሊያርፍ ይችላል። የ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ የወርቅ ባለቤት ሌኖክስ ሉዊስ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የበለጠ ነበር ብዬ አምናለሁ። እሱ እንኳ በ1994 በኦሊቨር ማኮል፣ በ2001 ደግሞ በሃሲም ራህማን ተሸንፏል፤ በሁለቱም ምሽት ነገሩን የጨረሰው አንድ የቀኝ እጅ ቡጢ ነበር። ሁለቱንም በኋላ ገጥሞ አሸንፏቸዋል።

አሁን የማሸነፍ መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ተስፈኛ ከጀርባው ፕሮሞተር (ፍልሚያ የሚያዘጋጅና ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ) አለው። ፕሮሞተሩ በልጁ ላይ ብዙ ስለሚያወጣ ተጋጣሚዎቹን ራሱ ይመርጣል። የመጀመሪያዎቹ ተጋጣሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ከተማ ወይም አገር ተጠርተው የሚመጡ፣ ከማሸነፍ ይልቅ መሸነፍ የሚበዛባቸው ሰዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች መናቅ አይገባም። ከፊታቸው የቆመውን ልጅ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው፤ እንዴት እንደሚሸፈን፣ ሲደክመው ተጋጣሚውን እንዴት አቅፎ እንደሚይዝ፣ የውሸት ቡጢ ምን እንደሚመስል ያሳዩታል። ፍልሚያውም በ4 ዙር ይጀምርና ወደ 6፣ 8 እና 10 ያድጋል፤ ለዓለም ቀበቶ ሲሆን 12 ዙር ይደርሳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ትምህርት ነው። ችግሩ የሚመጣው ተመልካቹ ትምህርቱን እንደ ፈተና ሲቆጥረው ነው። ተማሪ 100 ከ100 አመጣ ሲባል መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄዎቹ ምን እንደነበሩ ነው፤ እኛም «ስንት አሸነፈ?» ከማለታችን በፊት «ያሸነፋቸው ሰዎች ምን ጠየቁት?» ማለት አለብን።

ይህን ለማወቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ቦክስሬክ (የቦክሰኞችን ውጤት የሚመዘግብ ድረ ገጽ) ላይ የተሸናፊዎቹን ስም አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። ስታዩ ተጋጣሚው ከዚያ በፊት የተጋጠመው መቼ እንደሆነ ልብ በሉ፤ ሁለት ዓመት ያልተጋጠመ ሰው ስሙ ትልቅ ቢሆንም ሰውነቱ ሌላ ነው። ከዚህ ቀደም ሲሸነፍ በነጥብ ነበር ወይስ በዝረራ? በነጥብ ተሸንፎ እንጂ ተዘርሮ የማያውቅን ሰው የዘረረ ወጣት፣ አሥር ጊዜ የተዘረረን ሰው ከዘረረው ይልቅ ብዙ ነግሮናል። ተጋጣሚው ከሳምንት በፊት በስልክ ተጠርቶ የመጣ ምትክ ከሆነም ግምታችንን ቀነስ እናድርግ።

ቀጥሎ የዙሮቹን ቁጥር እንቁጠር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ዲዮንቴ ዋይልደር የመጀመሪያዎቹን 32 ፍልሚያዎች በሙሉ በዝረራ አሸነፈ፤ አንዱም ከ4ኛው ዙር አላለፈም። ድንቅ ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ዘመን በ9ኛው ዙር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሱ ራሱም ጭምር። በጃንዋሪ 2015 ከበርሜን ስቲቨርን ጋር 12 ዙር ሙሉ ተጋጥሞ በነጥብ ሲያሸንፍ ጥያቄው ተመለሰ። ስለዚህ ያልተጠየቀ ጥያቄን እንደ ውድቀት አንቁጠረው፤ እንደ ማለፍም አንቁጠረው። ባዶ ቦታ ነው።

ባዶው ቦታ በክፉ ሲሞላም አይተናል። የ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ የወርቅ ባለቤት ዩክሬናዊው ቭላዲሚር ክሊችኮ 24 ጊዜ ተጋጥሞ ሳይሸነፍ በዲሴምበር 1998 ኪየቭ ላይ ከሮስ ፑሪቲ ጋር ተጋጠመ። ፑሪቲ ከ10 ጊዜ በላይ የተሸነፈ አሜሪካዊ ነበር፤ ይሁንና በቀላሉ የሚወድቅ ሰው አልነበረም። ክሊችኮ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እየመታ አሳለፈ፤ ፑሪቲ አልወደቀም። ከዚያ የክሊችኮ ትንፋሽ አለቀና በ11ኛው ዙር ፍልሚያው ተቋረጠ። ምክንያቱን እንመርምር። ትልቅ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኃይለኛ ቡጢ ደግሞ በእጅ ብቻ አይወረወርም፤ ከእግር ተነስቶ በወገብ በኩል መላ ሰውነትን ይጠቀማል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለመጣል ብቻ የሚመታ ወጣት ተጋጣሚው ካልወደቀለት ጉልበቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ፍርሃት ያደክማል፤ ውጥር ያለ ትከሻ ሳይመታም ይዝላል። ክሊችኮ በኋላ በአሰልጣኙ ኢማኑኤል ስቲዋርድ እጅ ጉልበትን መቆጠብን ተማረና ከ2006 እስከ 2015 ሻምፒዮን ሆኖ ቆየ።

እስካሁን ወረቀት ነበር የምናየው፤ አሁን ወደ መድረኩ እንምጣ። የወጣቶቹ ፍልሚያ የሚደረገው ከዋናው ግጥሚያ በፊት ነው። ሪያድና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት ስለሌላቸው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እዚያ የሚደረጉትን ትላልቅ ምሽቶች እንደ ላስ ቬጋሱ ንጋት ሳንጠብቅ ከመጀመሪያው ጀምረን ማየት እንችላለን። ስናይ ቡጢው ያረፈበትን ፊት ትተን ተስፈኛውን ብቻ እንከተል።

ጃቡን (ከፊት ባለው እጅ የሚሰነዘረውን ፈጣን ቀጥታ ቡጢ) ተመልከቱ። ጃብ ርቀት ይለካል፣ የተጋጣሚን ዓይን ይከልላል፣ አጀማመሩን ያበላሽበታል። በአንድ ቀኝ ቡጢ መጨረስ የለመደ ወጣት ጃቡን ይረሳዋል፤ ምክንያቱም እስካሁን አላስፈለገውም። ከመታ በኋላ እጁ ወዴት ይሄዳል? ወደ አገጩ ከተመለሰ ጥሩ፤ ወደ ወገቡ ከወረደ ደካማ ተጋጣሚ አይቀጣውም፣ ጎበዝ ተጋጣሚ ግን አንድ ቀን ይቀጣዋል። እግሩንም እዩ። እግሩ ቀድሞ ቦታ ይዞ ከዚያ ቡጢው ከመጣ ሚዛኑን ያውቃል ማለት ነው። ሰውነቱ ወደ ፊት እየወደቀ የሚመታ ከሆነ ግን ቡጢው ሲስት ራሱ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የበለጠ የምጠብቀው ግን የሚመታበትን ቅጽበት ነው። ጥሩ ቡጢ ሲቀምስ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ተናዶ ዘሎ ይገባል፤ አንዳንዱ ገመዱን ተደግፎ ይደነዝዛል። የተማረው ደግሞ ተጋጣሚውን አቅፎ ይይዝና ጭንቅላቱ እስኪጠራ ይጠብቃል። በጁን 2019 ኒው ዮርክ ላይ አንቶኒ ጆሽዋ በ3ኛው ዙር አንዲ ሩይዝን ጣለው፤ ለመጨረስ ሲገባ ግን ራሱ ተመታና በዚያው ዙር ሁለት ጊዜ ወደቀ። በ7ኛው ዙር ሁለት ጊዜ ደግሞ ወደቀና ፍልሚያው ተቋረጠ። ከዚያ በፊት 22 ጊዜ ተጋጥሞ አልተሸነፈም፤ የኦሊምፒክ ወርቅም ነበረው። እንዲህ ያለውን ቅጽበት ለማየት ግን የሚመታ ተጋጣሚ ያስፈልጋል። እንግዲህ ነገሩ ተመልሶ ወደ ተጋጣሚው መጣ።

የኦሊምፒክን ሜዳሊያ በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የአማተር ቦክስ (ያለ ክፍያ የሚደረገው) ጥሩ መሠረት ይሰጣል፤ የተለያየ ዓይነት ሰው መግጠምን ያስተምራል። ይሁንና የኦሊምፒክ ፍልሚያ ሦስት ዙር፣ 9 ደቂቃ ነው፤ የሻምፒዮናው 36 ደቂቃ ነው። ፈረንሳዊው ቶኒ ዮካ በ2016 ሪዮ ላይ ወርቅ ያገኘው ጆ ጆይስን አሸንፎ ነው። 11 ጊዜ ሳይሸነፍ ቆይቶ በሜይ 2022 በገዛ ከተማው በፓሪስ ኮንጓዊውን ማርቲን ባኮሌን ገጠመ። በ1ኛው ዙር ወደቀ፣ በ5ኛውም ወደቀ፣ በነጥብ ተሸነፈ። ባኮሌ ራሱ ቀደም ሲል ተሸንፎ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አሜሪካውያን ተስፋ ያደረጉበት ጃሬድ አንደርሰን፣ 17 ጊዜ ያልተሸነፈው፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ይህንኑ ሰው ገጥሞ በ5ኛው ዙር ተሸነፈ። እንደ ባኮሌ ያለው ቦክሰኛ በሰልፉ መሃል ቆሞ የሚያልፈውንና የማያልፈውን የሚለይ ሰው ነው፤ ከባድ፣ የማይሸሽ፣ ተመትቶ መልሶ የሚመታ። አንድን ተስፈኛ ስትመዝኑ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ተጋጥሞ እንደሆነ ፈልጉ።

አሁን ወደ ዱቦይስ እንመለስ። ጆይስ በዚያ ምሽት 35 ዓመቱ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ግን የማይደክም ሰው። ጃቡን እየደጋገመ የዱቦይስን ግራ ዓይን አሳበጠው። በ10ኛው ዙር ዱቦይስ በጉልበቱ ተንበርክኮ የዳኛውን ቆጠራ እስከ መጨረሻው ሰማ። ብዙዎች «ልቡ ደካማ ነው» አሉት። በኋላ የዓይኑ ዙሪያ አጥንት መሰበሩ ታወቀ፤ ፍርዱ ያላግባብ ነበር ባይ ነኝ። በዲሴምበር 2022 ከኬቪን ሌሬና ጋር ሲጋጠም በ1ኛው ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ተነስቶ በ3ኛው ዙር አሸነፈ። በ2023 በኦሌክሳንደር ኡሲክ ተሸነፈ። ከዚያ ሚለርን፣ ቀጥሎ ፊሊፕ ኸርጎቪችን አሸነፈና በሴፕቴምበር 2024 ዌምብሊ ላይ ጆሽዋን በ5ኛው ዙር ዘረረ። ስለ እሱ ከ15ቱ ድሎች ይልቅ ከሽንፈቶቹ ብዙ ተማርን፤ እሱም ራሱ እንዲሁ ይመስለኛል። በጁላይ 2025 ኡሲክ እንደገና አሸንፎታል፤ ከሁሉም በላይ የሆነ ሰው እንዳለም አይተናል።

ዕድሜንም እናስብ። ማይክ ታይሰን በ1986 ትሬቨር በርቢክን አሸንፎ በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን መሆኑ ሰዎችን ያሳስታቸዋል፤ እሱ ልዩ ነው። አብዛኛው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ዘግይቶ ይበስላል። ትላልቅ ልጆችን ሌሎች ስፖርቶች ቀድመው ስለሚወስዷቸው ወደ ቦክስ የሚመጡት ዘግይተው ነው፤ ጆሽዋ በ18 ዓመቱ ጀመረ፣ ዋይልደርም በ20 ገደማ። ኡሲክ በ2024 የከባድ ሚዛንን ቀበቶዎች ሁሉ ሲጠቀልል 37 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ በ24 ዓመት የተሸነፈ ተስፈኛን አንቅበረው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ እንሞክራቸው። ሞዘስ ኢታውማ በዲሴምበር 2004 ስሎቫኪያ ውስጥ ከናይጄሪያዊ አባትና ከስሎቫክ እናት ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ ግራኝ ነው። በ2022 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2023 መጀመሪያ ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ገባ። በኦገስት 2025 ሪያድ ላይ ዲሊያን ዋይትን በ1ኛው ዙር ሲያሸንፍ 13ኛ ድሉ ነበር። እስከዚያ ምሽት ያለውን ብቻ እንመዝን። እጁ ፈጣን ነው፣ አይቸኩልም፣ እግሩ ቡጢውን ይቀድማል። ግራኝነቱም ይጠቅመዋል፤ ተጋጣሚዎች በልምምድ ግራኝ እንደልብ ስለማያገኙ ማዕዘኑ ይጠፋባቸዋል። ከወጣቶቹ ሁሉ ዓይኔን የሳበው እሱ ነው። ነገር ግን ዋይት 37 ዓመቱ ነበር፤ ቀደም ሲል በጆሽዋ፣ ከሌሎቹ ትላልቅ ቦክሰኞችም በፖቬትኪንና በፊዩሪ ክፉኛ ተመትቷል፤ ስሙ ትልቅ ቢሆንም ጥያቄው አልቀረበም። ከ13ቱ ፍልሚያዎች 11ዱ ቶሎ ስላለቁ፣ 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው ስምንት ዙር ትከሻው ላይ ተደግፎት ሲውል ትንፋሹ ምን እንደሚሆን አላየንም። በጥሩ ቡጢ ሲናጋ ይያዝ ወይስ ዘሎ ይግባ፣ እሱንም አላየንም። ቀጣይ ፍልሚያዎቹን ስትከታተሉ ተጋጣሚው እስከ 6ኛው ዙር ቆሞ ከተገኘ የመጀመሪያውን ደቂቃ ሳይሆን የዙሩን መጨረሻ ደቂቃ እዩለት፤ ከጃቡ በኋላ እጁ አሁንም ወደ አገጩ ይመለስ እንደሆነ።