እህል ባለበት አገር ረሃብ ስለ ምን ይገባል?

ለዚህ ሳምንት ጥናት የቀረበው ርእስ ረሃብ ነው። «የሳጉሬ ልጅ ስለ ረሃብ ምን ያውቃል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በእርግጥም በጥቅምት ወር ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚሄድ መንገደኛ በግራም በቀኝም የሚያየው ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ተልባ ስለ ሆነ፣ ረሃብ የሌላ አገር ወሬ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ይህን ነገር አጥብቀን መመርመር የሚገባን እህል የሚበቅልበት አገር ልጆች የሆንነው እኛ ነን እላለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እናየዋለን።

አስቀድመን ቃሉን እንለይ። ጾም ረሃብ አይደለም። የሚጾም ሰው መቼ እንደሚፈታ ያውቃል፤ መሶቡም ባዶ ስላልሆነ ልቡ አይጨነቅም። የተራበ ሰው ግን የነገውን አያውቅም። ረሃብም ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ሰውን ከቀዬው አፈናቅሎ በየመንገዱ የሚጥለው ችጋር አለ፤ ይህን ዓለም ያየዋል፣ ይጮህበታልም። ሌላው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት፣ እናት «እኔ በልቻለሁ» ብላ ያለውን ለልጆቿ የምታካፍልበት ዝምተኛ ረሃብ ነው። ይህ በጋዜጣ አይወጣም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ባወጡት ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ 673 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይራብ ነበር። በአንጻሩ ዓለም በዓመት የሚያመርተው እህል 2.8 ቢሊዮን ቶን ያህላል። ይህን ከ8 ቢሊዮን ለሚበልጠው ሕዝብ እኩል ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ነፍስ 3 ኩንታል ተኩል ገደማ ይደርሰዋል፤ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 17 ኩንታል ማለት ነው። በእኛ አገር 17 ኩንታል ያስገባ ቤት ተራበ አይባልም። እርግጥ ከዚህ እህል ብዙው ለከብት መኖና ለመኪና ነዳጅ ይውላል፤ የሚበላሸውም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ረሃብ የሚመጣው እህል ከምድር ስለ ጠፋ ብቻ አለመሆኑን ሒሳቡ ይናገራል።

ይህንኑ በአገራችን ታሪክ እንመልከት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ችጋር የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ድረስ በልዩ ልዩ መንገድ ይገመታል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ችጋር መርምሮታል። ዝናብ መጥፋቱ እውነት ነው፤ የወሎ አዝመራም ከፍቶ ነበር። ነገር ግን የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከወትሮው እጅግ የራቀ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። ታዲያ ሰው ስለ ምን ሞተ? የገበሬው እህል ምግቡም ገንዘቡም ነው። አዝመራው ሲጠፋበት የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። በሬውን ሊሸጥ ቢወጣ ጎረቤቱ ሁሉ በሬውን ይዞ ወጥቷልና ዋጋው ወደቀ። የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ በአዋሽ ዳር የነበረው የግጦሽ መሬት ለትልልቅ የጥጥ እርሻዎች ስለ ተወሰደበት፣ ድርቁ ሲመጣ የሚሸሽበት ስፍራ ጠበበው።

በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ የነበረውስ? በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት፣ ሕዝቡ «ካዱ» እያለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አመጣ፤ በቁሉምሳም የዘር ምርምር ተካሄደ። የስንዴው ምርት ከፍ አለ። ካዱን የሚያመሰግኑ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ተገቢም ነው። ግን መሬቱ የባለርስቱ ነበር። ስንዴ ትርፍ እንደሚያስገኝ ባለመሬቱ ባየ ጊዜ ትራክተር አስመጣና ጭሰኛውን አስነሣ፤ ያላስነሣውንም ከሲሶ ወደ እኩል አሳደገበት። ልብ በሉ፤ በጭላሎ ስንዴ በበዛባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ መሬቱን ያርስ የነበረው ብዙ ጭሰኛ ቤቱን አፍርሶ ተሰደደ። ድርጅቱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ ጥቅሙ ግን መሬት ወዳለው አዘነበለ። ወሎ ላይ አዝመራ ስለ ጠፋ፣ ጭላሎ ላይ ደግሞ አዝመራ ስለ በዛ ሰው ተራበ ብንል ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ የተቆረጠው በሰውና በእህሉ መካከል ያለው ገመድ ነው። የጭሰኝነት ሥርዓት የተሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

ጭሰኝነት ቢቀርም የእህሉ መንገድ አልተቃናም። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ችጋሩ ሲበረታ ድርቁን ጦርነቱ አባባሰው። በዚያን ጊዜ የአርሲ ገበሬ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ርካሽ ዋጋ በኮታ ያስረክብ ነበር፤ የግል ነጋዴም ከአርሲና ከጎጃም እህል ገዝቶ ወደ ሌላው ክፍለ ሀገር እንዳያወጣ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ እህሉ እዚህ ሲረክስ እዚያ ተወደደ። ኮታው የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜም ነበር። ይህ አሠራር የተሻረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ምርት ማሳደግ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳ የተባለውን ስንዴ በመታው ጊዜ፣ የወረዳችንን ስም የያዘው «ዲገሉ» የተባለ ዘር ስለ ተቋቋመ ብዙ ገበሬ ወደ እርሱ ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የግንድ ዋግ መጥቶ ያንኑ ዲገሉን አጠፋው፤ ያ የዋግ ዝርያም በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ በዲገሉ ስም እስከ መጠራት ደረሰ። (ስማችን በዓለም የታወቀው በዚህ መሆኑ ያሳዝናል።) በአንድ ዘር ላይ ብቻ የታመነ ማሳ በአንድ ክረምት ባዶ ሊቀር ይችላልና የቁሉምሳ ተመራማሪዎች ሥራ የሚናቅ አይደለም።

አሁን ከደጋው ወረድ እንበል። በዶዶታ፣ በሲሬና በዝዋይ ዱግዳ ቆላዎች ዝናብ ቶሎ ይከዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው ሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦች እዚያው አርሲ ውስጥ ነበሩ፤ ከእኛ ማሳ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይርቁም። በደጋውም ቢሆን መጥገብና ጠግቦ ማደግ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ልጆች ከመቶ 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ እንደ ጎጃም ያለ የእህል አገር የሚገኝበት የአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 46 ደርሶ ከሁሉም በልጦ ተገኝቷል።

በእኛስ ቀበሌ? ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠየቅና ሌላም ወጪ ሲመጣበት ስንዴውን ሁሉም በሚሸጥበት በጥር ወር በርካሽ ይሸጣል፤ በነሐሴ ያንኑ ስንዴ በውድ ይገዛል። መሬት ያልደረሰው ወጣት የሰው መሬት የእኩል ያርሳል፤ አለዚያ በቀን ሥራ ያድራል። የአጨዳውንም ሥራ ኮምባይነር እየወሰደበት ነው። ኮምባይነር ክፉ ነው አልልም፤ ያልታሰበ ዝናብ ሳይመታው እህሉን ያስገባል። ነገር ግን በአጨዳ ባገኘው ገንዘብ ክረምቱን ያልፍ የነበረው ሰው አሁን በምን ያልፈዋል? የ1960ዎቹን የትራክተር ነገር ያነበበ ሰው ይህን ጥያቄ መዝለል አይችልም።

ለሚቀጥለው እሑድ በሁለት ቡድን እንከፈል። አንደኛው በሳጉሬ ገበያ የስንዴና የገብስ ዋጋ ባለፈው ጥርና ባለፈው ነሐሴ ስንት እንደ ነበር ነጋዴዎችን ይጠይቅ። ሁለተኛው በየቤቱ ጎተራው በየትኛው ወር እንደሚጎድል ይጠይቅ፤ ይህን ግን በጥንቃቄና የማንንም ስም ሳይጽፍ ያድርግ፤ ማጣቱን ለጎረቤት መንገር ሰውን ያሳፍረዋልና። ሁለቱን ጎን ለጎን ካየን በኋላ፣ ማኅበራችን በጥር እህል ገዝቶ በነሐሴ ለተቸገሩት በገዛበት ዋጋ ቢሸጥ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ፣ ከነቀዝ የሚጠበቅበትንም ማከማቻ ከየት እንደምናገኝ እንነጋገራለን።