ቶከን ከመግዛት አስቀድሞ ስለሚደረግ ምርመራ

አባቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ ሳይመረምሩ አይቋጥሩትም ነበር። በማርትሬዛ ሥዕል ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጥቦች ይመለከቱ፥ ብሩንም በድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ዛሬ ግን የማይዳሰስ፥ ድምፅም የሌለው ገንዘብ መጥቷል፤ ስሙም ክሪፕቶ ይባላል። ከዚሁ ወገን የሆነውን ቶከን ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ሁሉ በጥቂት ወጪ ሊያወጣው ይችላል።

እኔ በአዲስ አበባ፥ በልደታ፥ በፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ መምህር ለልጁ ያጠራቀመውን ገንዘብ በቶከን አጥቶ መጣ። «ተከሳሹ ማን ይባላል? አድራሻውስ ወዴት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፥ በስልኩ ውስጥ ያለ ቅጽል ስም ብቻ አሳየኝ። የተከሳሽ ስም የሌለው ክስ እንዴት ይጻፋል? ይህ ጥያቄ ከግዢው በፊት ሊጠየቅ ይገባው ነበር። ስለዚህ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ እነዚህን ይመርምር።

አንደኛ፤ ያወጣው ማን ነው? ስሙና አድራሻው የታወቀ፥ በሕግ ሊጠየቅ የሚችል ነውን?

ሁለተኛ፤ ብዛቱ የተወሰነ ነውን? ቢትኮይን ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ በሥርዓቱ ተወስኗል። በብዙ ቶከን ግን አውጪው ባሻው ጊዜ ሊጨምር ይችላል፤ የበዛም ነገር ይረክሳል።

ሦስተኛ፤ አብዛኛው በጥቂት ሰዎች እጅ ነውን? እነርሱ በአንድ ቀን ቢሸጡት የሌላው ሁሉ ዋጋ ይወድቃል።

አራተኛ፤ የገዛው መልሶ ሊሸጠው ይችላልን? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ስኩዊድ የተባለ ቶከን በጥቂት ቀን ውስጥ ከ2800 ዶላር በላይ አወጣ። ገዢዎቹ ግን ለመሸጥ ቢሞክሩ አልተቻላቸውም። በጥቅምት 22 ቀን አውጪዎቹ ገንዘቡን ይዘው ተሰወሩ፤ ዋጋውም ወደ ባዶ ወረደ።

አምስተኛ፤ ለመለወጫ የተቀመጠው ገንዘብ አውጪው እንዳያነሣው ተቈልፏልን? እስከ መቼስ?

ስድስተኛ፤ የሚሠራበትን ኮድ ከሻጩ ጋር ያልተዛመደ ባለሙያ መርምሮታልን? ይህም ቢሆን የኮዱን ጕድለት ያሳያል እንጂ የአውጪውን ጠባይ አይመሰክርም።

ከዚህም ሁሉ ጋር የገንዘቡ መክፈቻ የሆኑትን ምስጢራዊ ቃላት ለማንም አለመስጠት ነው። ቃላቱን ያወቀ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ይወስዳል፤ የሚመልስም ባንክ የለም።

ስለ ሕጉም ቢሆን፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወቂያ የአገሪቱ ገንዘብ ብር መሆኑን ገልጾ፥ ያለ ፈቃድ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። እንግዲህ የሚገዛ ሰው ሕጉን ሳይጠይቅ እጁን አይዘርጋ።

መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ «አንድ ሰው ዛሬ ካልገዛህ ያመልጥሃል ቢልህ፥ ከስድስቱ ጥያቄዎች ስንቱን ለመጠየቅ ጊዜ ሰጠህ?»