የስድስት ኪሎ ግቢ፦ ታሪኩ፣ ልማዱና ለእኛ የተወው አደራ

መግቢያ

አንደኛ ዓመት ሳለሁ በዋናው በር ስገባና ስወጣ ቆም ብዬ ግቢውን ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሐሳቤ ሁሉ ክፍል በሰዓቱ መድረስ፣ የካፌው ሰልፍ ሳይረዝም ምሳ መብላትና ማታ ላይብረሪ ውስጥ ቦታ መያዝ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን አያቴ ሊጠይቁኝ መጡ። አባባ ነው የምላቸው። እሳቸውም በ1966 ዓ.ም. የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበሩ፤ ሁለተኛ ዓመት ግን አልተማሩም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከበሩ ገባ እንዳልን አባባ ቆሙና፣ «ይህ ግቢ ምን እንደነበረ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ቤተ መንግሥት ነበር።»

«ከዚያስ?»

ከዚያስ የሚለውን መመለስ አቃተኝ። «የታሪክ ተማሪ ነኝ አላልሽም እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሀፍረት ውጤት ነው። ዓላማውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ በተለይም የስድስት ኪሎን ግቢ ታሪክና ልማድ በአጭሩ ዳስሶ፣ ከዚያ ውስጥ ለዛሬ ተማሪ የሚሆነው የቱ ነው የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲው ስድስት ኪሎ የተጀመረ ይመስለናል። አይደለም፤ የተጀመረው አራት ኪሎ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሚል ስም በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ቦታው ዛሬ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚማሩበት ግቢ ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ፤ እሳቸውም ቀደም ሲል የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩ ናቸው።

ኮሌጁ በዚያን ጊዜ የተከፈተበትን ምክንያት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ከጦርነቱ በፊት ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ሰው ወደ ውጭ ሀገር መሄድ ነበረበት። ተምረው ከተመለሱት ውስጥ ብዙዎቹን ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ፈጇቸው። ሀገሪቱ ነፃ ስትወጣ መሥሪያ ቤቶቿን የሚያንቀሳቅስ የተማረ ሰው እጥረት አጋጠማት። ስለዚህ ኮሌጁ እንደ ጌጥ የተሠራ ሳይሆን የጎደለን ትውልድ ለመተካት የተቋቋመ ነው ማለት ይቻላል።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከምህንድስና ኮሌጅ፣ ከሕንፃ ኮሌጅ፣ ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ከሌሎች ጋር ተጠቃልሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ አሁን የምንጠራበትን ስም ያዘ።

ቤተ መንግሥቱ

ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተሠራው ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በወረራው ጊዜ የፋሺስቱ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ግን ስንቶቻችን ነን ቦምቡ የተወረወረው እኛ ሃንድአውት ይዘን በምንሮጥበት ግቢ እንደሆነ የምናስታውሰው? ከበሩ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልትም የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው።

በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። አዲስ ተማሪ ሁሉ ግራ ይጋባበታል። ደረጃውን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ መርገጫ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት እንዲቆጥር ነበር ሐሳባቸው። ነፃነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም። ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፤ ቆጠራውም እዚያው ላይ ቆመ። ለእኔ በግቢው ውስጥ ከዚህ የተሻለ የታሪክ መምህር የለም፤ የጠላትን ሥራ ሳያጠፉ መልስ መስጠት እንደሚቻል ያስተምራል።

ደም ግን በዚያ አላበቃም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ የመንግሥት ግልበጣ ሲሞክሩ የተያዙት ባለሥልጣናት እዚሁ ቤተ መንግሥት፣ ግሪን ሳሎን በሚባለው ክፍል ተረሸኑ። ከሟቾቹ ውስጥ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ዛሬ ሕንፃው ራስ መኮንን አዳራሽ ይባላል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩበት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ የሚገኙት እዚያ ነው።

ከአባባ ጋር ሙዚየሙን ስንጎበኝ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል አየን። አስጎብኚው በመስተዋቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ አሳየንና የ1953ቱ ግርግር ጥይት ነው አለን። አባባ መስተዋቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «እኛ እዚህ ስንማር ይህን ክፍል ማየት አላማረንም ነበር፤ ንጉሡን መጣል እንጂ ንጉሡ የት እንደተኙ ማወቅ ምን ያደርግልናል እንል ነበር» አሉ።

ግጥምና ሰልፍ

ከግቢው ልማዶች ውስጥ በጣም የምቀናበት የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ነው። ተማሪዎች የጻፉትን ግጥም ንጉሠ ነገሥቱ፣ መኳንንቱና መምህራኑ በተሰበሰቡበት ቆመው ያነቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥም አነበበ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሉ ገብረዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም»ን አቀረበ። ኢብሳ ጉተማም «ኢትዮጵያዊ ማነው» ብሎ የጠየቀው በዚሁ መድረክ ነው። የእነዚህ ግጥሞች አርእስት ራሱ ጥያቄው ከየት ወደ የት እንደሄደ ያሳያል፤ ከድህነት ጀምሮ እስከ ማንነት ማለት ነው።

ከግጥሙ ጎን ሰልፉ አለ። በ1953ቱ ግልበጣ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ለአዲሱ ወገን ድጋፍ ሰልፍ ወጥተው ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ተጓዙ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታና ሞተ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው ስድስት ኪሎ በተሰበሰቡ ጊዜ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢውን ሰብረው ገቡ፤ ሌሎች ተማሪዎችም ተገደሉ። ያ ሁሉ የሆነው እኛ ፎቶ በምንነሳበት መንገድ ላይ ነው።

ወደ ሀገር መውጣት

ሌላው ልማድ አሁን ስሙም የተረሳው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ በመምህርነት ተመድበው ሠርተዋል። የአዲስ አበባ ልጅ ገበሬ ቤት እንጀራ በልቶ፣ የጭሰኛን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ይመለስ ነበር። የመሬት ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ እንዳልመጣ የሚያሳየው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ተማሪዎችን ለዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ አሰማራ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ተደምረው ዘማቾቹ ወደ 60,000 ይደርሱ ነበር። አባባ አንዱ ናቸው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ እሳቸው አርሲ ውስጥ ፊደል እያስቆጠሩ ነበር። «ገበሬው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ በደስታ። ያን ቀን ትምህርቴን የጨረስኩ መሰለኝ» ብለውኛል።

ግን አልጨረሱም። ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ሲከፈት የዶርም ጓደኞቻቸው ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ሌላውን በጥርጣሬ ያይ ነበር። ቀይ ሽብር መጣ። አንድ ክፍል አብረዋቸው ይኖሩ ከነበሩት ሦስት ልጆች ሁለቱ ሞቱ። አባባ ወደ ትውልድ ቦታቸው ሄደው በአንደኛ ደረጃ መምህርነት እስከ ጡረታ ኖሩ። ዲግሪ ሳይዙ ስንት ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች አፍርተዋል።

ደረጃው ሥር ቁጭ ብለን ሳለ ለምን እንዲያ ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው የሚከተለውን አሉኝ፦ «ንጉሡን መረመርን። ባላባቱን መረመርን። ራሳችንን ግን አልመረመርንም። ከእኛ የተለየ ሐሳብ ያለውን ጓደኛ እንደ ጠላት አየነው።»

የዩኒቨርሲቲው መሪ ቃል በግዕዝ የተጻፈና ከሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የተወሰደ ሲሆን፣ ሁሉን መመርመርና ከዚያ ውስጥ መልካሙን አጽንቶ መያዝ እንደሚገባ የሚያስገነዝብ ነው። የአባባን ንግግር ከሰማሁ በኋላ ይህን መሪ ቃል በመታወቂያዬና በወረቀት ላይ ሳየው እንደ ማኅተም ጌጥ አይታየኝም። «ሁሉን» ሲል የራስን መፈክር ጭምር ነው። ያ ትውልድ የመጀመሪያውን ግማሽ በድፍረት ፈጽሟል። ሁለተኛውን ግማሽ፣ ማለትም መልካሙን ለይቶ መያዝን፣ ለመማር ጊዜም ዕድልም አላገኘም።

ዛሬ ያሉን ልማዶች

እኛስ ምን ልማድ አለን? ጥቂት አይደለም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ሲኒየሮች ሻንጣውን ተሸክመው ዶርም ያደርሳሉ። ዶርም ውስጥ ከቤት የመጣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሁሉም ነው፤ «ይህ የእኔ ነው» የሚል ሰው ጓደኛ አያገኝም። በፈተና ሰሞን ኬኔዲ ላይብረሪ ቦታ ለመያዝ ከንጋት ጀምሮ የሚደረገው እሽቅድምድም ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል። ጂሲዎች ጋውን ለብሰው ከወላጆቻቸው ጋር ፎቶ የሚነሡበት ቀንም አለ፤ ከገጠር የመጡ እናቶች ግቢው ውስጥ እልል ሲሉ መስማት ልብ ይነካል።

እነዚህ መልካም ናቸው፤ የሚያንሱም አይደሉም። ቢሆንም መጠየቅንና ማገልገልን የሚያህል የለባቸውም። በ2015 ዓ.ም. የወጣውን ሕግ ተከትሎ ዩኒቨርሲቲያችን በሀገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝነት የአስተዳደርና የበጀት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ። የግቢውን ታሪክ ላየ ሰው ግን ራሱን የሚገዛ ተቋም በመጀመሪያ ራሱን የሚመረምር ተቋም መሆን እንዳለበት ግልጽ ነው።

ማጠቃለያና አንድ ሐሳብ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ ግቢው የቤተ መንግሥት፣ የወራሪ መቀመጫ፣ የግድያ ቦታ፣ የግጥም መድረክና የሰልፍ መነሻ ሆኖ አልፏል። ከዚህ ሁሉ የምንወርሰው ጀግንነቱን ብቻ ከሆነ ግማሹን ነው የወረስነው። ስህተቱንም ካልወረስን እንደገና እንከፍልበታለን።

ስለዚህ ለክፍላችን መምህራንና ለተማሪዎች ማኅበር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ ለአዲስ ተማሪዎች የግማሽ ቀን የግቢ ጉብኝት ቢዘጋጅ። ከሰማዕታት ሐውልት ይነሣ፤ በደረጃው አድርጎ ወደ ሙዚየሙ ይግባ፤ በኬኔዲ ላይብረሪ ያብቃ። ገንዘብ አይጠይቅም። አስጎብኚዎቹ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ቢሆኑ ለራሳቸውም ጥሩ ልምምድ ነው። ቢቻል ደግሞ በዚያ ዘመን እዚህ የተማሩ አንድ ሁለት አዛውንት ተጋብዘው ያዩትን ቢነግሩን፣ እኛም ሳንፈራ ብንጠይቃቸው፣ እሳቸውም ሳይቆጡ ቢመልሱልን መልካም ነው። ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ ነገ ዛሬ የሚባል ነገር አይደለም።

አባባን በዚያን ቀን እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። ከበሩ ስንወጣ ጥበቃው ተነሥቶ «ደህና ይግቡ አባቴ፣ የቀድሞ ተማሪ ነዎት?» አላቸው። አባባ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «አዎ፣ አንደኛ ዓመት ነኝ» አሉት።

የመጀመሪያው ጉብኝት ከተዘጋጀ እሳቸውን ለማምጣት ቃል እገባለሁ።